ካምቢዮ ወይስ ፍሪሲዮን?

አባቴ ኦክላንድ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነው። መሰላሉንና ቀለሙን የሚጭነው በ1998 በተሠራች ቶዮታ ታኮማ ፒክአፕ ነው። መኪናዋ አውቶማቲክ አይደለችም፤ ማርሿ የሚቀየረው በእጅ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ጠዋት ማርሽ አልገባ አለ። አባቴ፣ “ፍሪሲዮኑ ሳይሆን አይቀርም። እስቲ ጋራዥ ደውለሽ ንገሪልኝ” አለኝ። ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ መጠየቅም አፈርኩ። ስለዚህ ለጋራዡ “ትራንስሚሽኑ ተበላሽቷል” አልኩ። እነሱም ሙሉ ካምቢዮ ለመቀየር የሚያስፈልገውን ዋጋ ነገሩን። አባቴ ዝም አለ። ያን ያህል ገንዘብ አልነበረንም፤ ያለ መኪናዋ ደግሞ ሥራ የለም።

ቅዳሜ ዕለት አንድ መካኒክ ጓደኛው ከሳን ሆዜ መጡ። ጋሼ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሱ ማርሾቹን ሞከሩ፤ ሁሉም በቀላሉ ገቡ። ሞተሩን ሲያስነሱ ግን አንዱም አልገባም።

“ካምቢዮው ጤነኛ ነው” አሉ።

ፍሪሲዮን ማለት እኛ ልጆች ክላች የምንለው ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ለጊዜው ይለያያል። ታኮማ ላይ ፔዳሉን ስንረግጥ ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ይገፋል፤ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውም ያ ግፊት ነው። የእኛ መኪና ፈሳሹ ፈስሶ አልቆ ነበር። ጋሼ የሚያፈሰውን ትንሽ ፓምፕ በዚያው ቀን ቀየሩት።

እየሠሩም አስተማሩኝ። “ነዳጅ ስትሰጪው ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ሊሆን ይችላል። አንድ ማርሽ ብቻ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ፣ ወይም ከገባ በኋላ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ግን ካምቢዮውን ጠርጥሪ። ስትነጂ ደግሞ እግርሽን ፍሪሲዮን ላይ አታሳርፊ፤ ቶሎ ያልቃል።”

ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ጎማ፦ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። መኪናዋ ግን የቅርብ ሰው ናት፤ የተሠራችው በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል፣ ፍሪሞንት ውስጥ ነው። ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በጋራ ያቋቋሙት ኑሚ የሚባል ፋብሪካ እስከ 2010 ድረስ እዚያ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ቴስላ መኪና ያመርታል።

ማታ ለአባቴ እውነቱን ነገርኩት፤ “አባዬ፣ ቃሉን ሳላውቀው ነው የተረጎምኩት።”

ሳቀ። “ብትጠይቂኝ ኖሮ ከነፔዳሉ አሳይሽ ነበር” አለኝ።

በማግስቱ አሳየኝ። አሁን መንዳትም እያስተማረኝ ነው።