የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያ ከኢሜይል መርማሪ ጋር እንዴት ይጣመራል?

የራሱ የኢሜይል ሰርቨር ያለው ትምህርት ቤት ከቁም ነገር ደብዳቤዎች ጋር የሐሰት ሎተሪና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የአጭበርባሪ ጽሑፍ አብሮ ይጎርፍበታል። ይህን ለመከላከል በነፃ የሚገኙትን ፖስትፊክስን፣ አማቪስንና ስፓምአሳሲንን አጣምሮ ማሠራት የተለመደ ዘዴ ነው። ሦስቱ እንዴት እንደሚያያዙ፣ በተለይም ስሕተት የሚበዛበት መጋጠሚያ የት እንደሆነ ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

ፖስትፊክስ ደብዳቤ ይቀበላል፤ ያደርሳል። አማቪስ መልእክቱን ፈታትቶ አባሪዎቹን ለቫይረስ መፈተሻ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የቀረበው ስፓምአሳሲን ደግሞ በብዙ መመዘኛ ነጥብ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ምልክት ነጥብ ይጨምራል፣ አንዳንዱ ይቀንሳል። ሥራው ፈተና ከማረም ብዙ አይለይም፤ ብቻ እዚህ የሚወድቀው ብዙ ነጥብ ያገኘው ነው።

ፖስትፊክስ የተቀበለውን በተለምዶ በፖርት 10024 ለአማቪስ ያስረክባል፤ አማቪስም መርምሮ በፖርት 10025 ይመልስለታል። መመለሻው የተለየው ያለ ምክንያት አይደለም። መልእክቱ በገባበት በር ቢመለስ እንደገና ወደ ምርመራ ይላክና ሲዞር ይኖራል። ስለዚህ በ10025 ለሚመለሰው ምርመራ እንዲቀር ይደረጋል፤ በሩም ከሰርቨሩ ከራሱ በቀር ለማንም ክፍት መሆን የለበትም።

አሁን ወደ መጋጠሚያው እንምጣ። ስፓምአሳሲን ለብቻው ሲሠራ 5 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘውን አይፈለጌ ይለዋል፤ ይህም ቁጥር በራሱ የማስተካከያ ፋይል ሊለወጥ ይችላል። አማቪስ ግን ነጥቡን ብቻ ይወስድና በገዛ ፋይሉ በተጻፉት ወሰኖች ይፈርዳል። አንደኛው ወሰን ነጥቡ በመልእክቱ ራስጌ እንዲጻፍ፣ ሁለተኛው አይፈለጌ የሚል ምልክት እንዲደረግበት፣ ሦስተኛው እንዲታገድ ያዛል። እንግዲህ በስፓምአሳሲን ፋይል 5ን ወደ 8 የለወጠ ሰው ምንም ለውጥ ባያይ ሊደነቅ አይገባም።

ሦስተኛው ወሰን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ለአንድ ተማሪ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያበስር ደብዳቤ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ የገንዘብ መጠን ሲጠቅስ የሎተሪ ማጭበርበሪያ ሊመስል ይችላል። በዝምታ ቢጣል ላኪው ደርሷል ብሎ ያምናል፤ ተማሪው ይጠብቃል፤ የምዝገባው ቀን ያልፋል። የታገደውን ሁሉ ለላኪው መመለስም መፍትሔ አይደለም፤ የአይፈለጌ መልእክት ላኪ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የሐሰት ስለሆነ መልሱ የሚደርሰው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። በእኛ አስተያየት የታገደው በማቆያ ተቀምጦ አንድ ኃላፊ በየቀኑ ቢያየው ይሻላል።

ማጣሪያው ከምሳሌም ይማራል። ይሁን እንጂ በተለመደው አሠራር 200 መልካምና 200 አይፈለጌ መልእክት ሳያይ ይህ ችሎታው ሥራ አይጀምርም። ከተዘጋጁት ደንቦች አብዛኞቹ እንግሊዝኛን በማሰብ የተጻፉ በመሆናቸው፣ በአማርኛ ለሚጻጻፍ ትምህርት ቤት ማጣሪያውን በራሱ ደብዳቤዎች ማስተማር ይበልጥ ያስፈልገዋል። ትምህርቱ መሰጠት ያለበት አማቪስ በሚሠራበት የተጠቃሚ ስም ነው፤ በሌላ ስም የተማረው በሌላ መዝገብ ስለሚቀመጥ አማቪስ አያገኘውም።