«አልጋ ይዘንልዎታል»፦ የሠርግ እንግዳ ማሳደር ተረቱና እውነታው

ጥር ሲብት አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ይጠፋል። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ስለሆነ ኦርቶዶክሳዊው ቤተሰብ ሠርግ አይደግስም፤ ከፊት ደግሞ ዐቢይ ጾም ይጠብቃል። እሱም እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ለድግስ የምትተርፈው አንዲት ወር ናት። በዚያችው ወር ጥምቀት አለ፤ በዓሉን አስታኮ ከውጭ የመጣ ዘመድ አለ። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፈረንጆቹ የካቲት ስለሚካሄድ፣ ከጾሙ በፊት ባለችው የመጨረሻ እሑድ የደገሰ ሰው ከልዑካን ጋር ለአንድ አልጋ ሊሻማ ይችላል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ የእንግዳ ማደሪያ የሚታሰበው አዳራሹ፣ ዲኮሩ፣ መኪናው፣ ቪዲዮው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ጊዜ ስለሌለ ውሳኔው የሚቆመው በሰሚ ሰሚ ወሬ ላይ ነው። በቤታችን ሦስት ሠርግ ሲደገስ እንግዳ የማሳደሩ ሥራ የኔ ድርሻ ነበር። ወሬውን አምኜ ገንዘብ ከስሬአለሁ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ዛሬም የሚቆጨኝ ግን ያስቀየምኩት ሰው ነው።

«ዘመድን ሆቴል ማሳደር ፊት መንሳት ነው»

ይህን እምነት በቀላሉ አልነቅፈውም፤ የመነጨው ከክብር ነውና። ሰፊ ግቢ፣ ዳስ የሚጣልበት ደጅ፣ ጎረቤቱም መኝታ የሚያካፍልበት ሰፈር በነበረ ጊዜ እውነትም ነበር። ዛሬ ግን ብዙ የአዲስ አበባ ደጋሽ የሚኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት፣ አሥራ አምስት እንግዳ ሲተኛ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት ሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመድረስ የተኛውን ሁሉ ተራምደው ማለፍ አለባቸው። የሙሽራዋ እናት ደግሞ ወጥ ሲያማስሉ ሰንብተው ጎናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ያጣሉ።

እንግዳን የሚያስከፋው ሆቴሉ እንዳልሆነ የተማርኩት ከአክስቴ ነው። በታናሽ እህቴ ሠርግ ጊዜ ከደሴ መጣች። ደክሟታል ብዬ ከላምበረት መናኸሪያ በቀጥታ የያዝንላት ፔንሲዮን ወሰድኳት። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ ሙቅ ውሃም ነበረው። እሷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላዋን እንዳጣፋች ተቀምጣ «የእናትህን ደጅ ሳልረግጥ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሠርጉ አልፎ ወሯ ሳይሞላ ነገሩ በዘመድ መካከል ዞሮ እናቴ ጆሮ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ማንም እንግዳ ከመናኸሪያም ሆነ ከቦሌ በቀጥታ ወደ ሆቴል አይሄድም። መጀመሪያ ቤት ይገባል፤ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሙሽሪትን ይስማል። ማታ ከቤቱ ልጆች አንዱ ሸኝቶት ክፍሉን ከፍቶ ያስገባዋል፤ ጠዋት ማን እንደሚወስደውም ይነግረዋል። ሌላው ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ብቻቸውን የሚመጡ እናቶች ብዙዎቹ ፍራሽ ላይም ቢሆን ከሰው ጋር ማደርን ይመርጣሉ። ሕፃን የያዙ ባልና ሚስትና ከአሜሪካ መጥተው በእኩለ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች የራሳቸው ክፍል ሲያገኙ ይመርቃሉ። የሚተዋወቁ ዘመዶች አንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ሲያዝላቸው ደግሞ ፔንሲዮኑ ራሱ የሠርግ ቤት ይሆናል።

«ሠርጉ ያለበት ሆቴል ማሳደር ይረክሳል»

አዳራሹ የሚያስፈልገው ለአንድ ቀን ነው። እንግዳው ግን ቀኑን የሚያሳልፈው ቤተሰቡ ቤት ነው፦ በዋዜማው፣ በሠርጉ ማለዳ፣ በመልሱ፣ በቅልቅሉ። ስለዚህ አልጋ መፈለግ ያለበት በወላጆች ቤት ዙሪያ ነው። ሲኤምሲ የሚኖር ቤተሰብ እንግዳውን አዳራሹ ባለበት ቦሌ ቢያሳድር ለአራት ቀን የሚከፍለው የመኪና ኪራይ በአልጋው ላይ ቆጠብኩ ያለውን ይበላዋል።

አዳራሽ ከተከራዩበት ሆቴል የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፦ ለሙሽሮቹ የሚሰጥ ነጻ ክፍልና ለሚዜዎች መልበሻ። ብዙ ሆቴሎች ይህን ከአዳራሹ ውል ጋር ይሰጣሉ፤ ካልተጠየቁ ግን ዝም ሊሉ ይችላሉ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ዋጋ የሚተምኑት በዶላር መሆኑንም ማሰብ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ የአምና ሙሽራ የከፈለው ዋጋ ለዘንድሮው መመዘኛ አይሆንም። ዋጋውን በብር አስጽፎ መያዝ ያዋጣል።

«የነገሩን ዋጋ የምንከፍለው ዋጋ ነው»

በስልክ «3,000 ብር ነው» ይላሉ እንበል። ብዙ ሆቴል ይህን ሲል 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ሳይጨመር ነው፤ በሆቴሎቹ ቋንቋ «ፕላስ ፕላስ» ይባላል። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 3,000 ብሩ 3,300፣ ከዚያም 3,795 ይሆናል። አሥር ክፍል ለሦስት ሌሊት የያዘ ሰው 90,000 ብር አዘጋጅቶ 113,850 ይጠየቃል። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ሁሉም ገብቶ ስንት?»

ቁርስም እንደዚሁ ነው። ተካቷል ከተባለ በክፍሉ ላሉት ሁለቱም ሰዎች ነው ወይስ ለአንድ? ረቡዕና ዓርብ የጾም ቁርስ አለ ወይ? እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነገር ግን ጠዋት ሬስቶራንቱ ላይ ሂሳብ የሚጠየቀው እንግዳው እንጂ ደጋሹ አይደለም፤ እፍረቱ ደግሞ የደጋሹ ነው።

የውጭ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የተለየ ዋጋ ያላቸው ሆቴሎችም አሉ። ሙሽራው ክፍሉን በሀገር ልጅ ዋጋ ቢይዝም፣ አጎቱ መግቢያው ላይ ፓስፖርት ሲያሳዩ ዋጋው ይለወጥባቸዋል። ማን በምን ሰነድ እንደሚመጣ ቀድሞ መናገር፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ይዞት እንዲመጣ ማሳሰብ፣ ሆቴሉ ካርዱን ይቀበል እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ቀኑን ከነገርናቸው ይበቃል»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያፈሰው ይህ ነው። ሆቴል የሚሸጠው ሌሊት ነው፤ እኛ የምንነግረው ቀን ነው። በዚያ ላይ ሁለት አቆጣጠርና ሁለት ሰዓት አለን።

ሠርጉ እሑድ ጥር 17 ነው እንበል። ይህ በ2018 ዓ.ም. ጃንዋሪ 25 ላይ ይውላል። አንድ ዘመድ «17 ነው» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ከውጭ በኢንተርኔት ቢይዝ፣ ክፍሉ ከሠርጉ ስምንት ቀን በፊት ይያዝለታል። ያላደረበትንም ይከፍላል።

ሰዓቱ የባሰ ነው። ቲኬቱ ላይ ጃንዋሪ 25፣ ከሌሊቱ 1:20 ተብሎ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ ሰው በእኛ አነጋገር የሚደርሰው ቅዳሜ ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ፣ 7 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። የሚያስፈልገው የጃንዋሪ 24 ሌሊት ነው። የ25ቱን የያዘለት ሰው እንግዳውን በእኩለ ሌሊት የተዘጋ እንግዳ መቀበያ ፊት ያቆመዋል። «በ8 ሰዓት እደርሳለሁ» ያለ ደግሞ ጠዋት ማለቱ ነው ወይስ ከቀትር በኋላ? ሁለት ጊዜ አስረግጦ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከዋሽንግተን የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቦሌ የሚደርሰው በአብዛኛው ጠዋት ነው። ክፍል የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሲመለሱም ክፍሉን የሚለቁት እኩለ ቀን አካባቢ፣ በረራው ማታ ነው። ለእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ሙሉ ሌሊት ከመክፈል፣ ሲመጡ ቤት ገብተው ቁርስና ቡና፣ ሲሄዱም ሻንጣውን ከሆቴሉ አስቀምጠው እራት ቤት መብላት ይሻላል። ለአሥር ሰው አንድ አንድ ሌሊት ማትረፍ ማንኛውም ክርክር ከሚያስገኘው ቅናሽ ይበልጣል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋጀው ዝርዝር ነው፦ ስም፣ የሚደርስበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ቀን ይሁን ሌሊት፣ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ብዛት፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ የያዘው መታወቂያ። የመጨረሻዋን አትለፏት። ሆቴል ያለ መታወቂያ አያስተኛም፤ ከገጠር የሚመጡ ሽማግሌ ደግሞ ወረቀታቸውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ሊመጡ ይችላሉ። የቀበሌም ሆነ የፋይዳ መታወቂያ እንዲይዙ ከመንገዳቸው በፊት ደውሎ ማስታወስ የደጋሹ ሥራ ነው።

«ብዙ ክፍል ከያዝን ቅናሹ ራሱ ይመጣል፤ ቀብድ ከሰጠን ክፍሉ የኛ ነው»

በጥር ቅዳሜ ሆቴሉ ያለ እኛም ይሞላል፤ ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። በቀላሉ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ከቦሌ የሚያመጣ መኪና፣ ለልጆች ተጨማሪ ፍራሽ፣ ዘግይቶ መውጣት። በዋጋው ላይ አንድ ሰዓት ከመከራከር እነዚህን ጠይቆ በውሉ ማስገባት ይሻላል። ዋጋ በእርግጥ የሚቀንሰው ቀደም ብሎ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው።

ቁጥሩን ግን አታግንኑት። እኛ አንድ ጊዜ ሃያ ክፍል ብለን ተዋውለን አሥራ አራቱ ብቻ ተያዙ፤ የስድስቱን ባዶ ክፍል ሂሳብ አባቴ ከፈለ። መምጣታቸው የተረጋገጠላቸውን ብቻ በቁርጥ፣ የቀሩትን «እስከዚህ ቀን ካላረጋገጥን ይለቀቁ» በሚል ማስያዝ ይቻላል። ቀኑም በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ስለ ቀብድ ሕጉ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል። እንግዲህ ቀብድ ክፍሉን ቸንክሮ አይዝም። ሆቴሉ የተሻለ ከፋይ አግኝቶ ቢክድ ግን እጥፉን የመጠየቅ መብት አለ፤ ያም የሚሆነው ማኅተም ያለበት ደረሰኝና የክፍሎቹ ብዛት የተጻፈበት ወረቀት በእጅ ካለ ነው። «እንተዋወቃለን» ተብሎ በባዶ እጅ የተሰጠ ቀብድ ለክርክር አይመችም።

«ስለ ክፍያ ማንሳት ነውር ነው»

ነውሩ ዝም ማለቱ ነው። ዝም ሲባል እንግዳው ተከፍሎልኛል ብሎ ይመጣል፣ ደጋሹ ራሱ ይከፍላል ብሎ ይጠብቃል፣ ሁለቱ የሚገናኙት የሆቴሉ መውጫ ላይ ነው። በኛ ቤት የሚነገረው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ አልጋ ይዘንልዎታል። የቅዳሜንና የእሑድን ሌሊት እኛ ከፍለናል። ከዚያ ወዲያ መቆየት ከፈለጉ ሁሉም ገብቶ ሌሊቱ ይህን ያህል ነው።» ከውጭ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን መክፈል አይከብዳቸውም፤ የሚፈልጉት ቁርጡን ማወቅ ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት፣ በተለይ አውቶቡስ ተሳፍረው ስጦታ ይዘው ለሚመጡ አረጋውያን፣ እኛ መክፈል አለብን ብዬ አምናለሁ። ለእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ከዲኮሩ ላይ ቢቀነስ ማንም አያስተውለውም።

በወንድሜ ሠርግ አክስቴ ከደሴ እንደገና መጣች። ቤት ገባች፣ እግሯን ታጠበች፣ እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ ተጫወተች። መሸትሸት ሲል ነጠላዋን ሰብስባ «ያቺ ሙቅ ውሃ ያላት ክፍል አለች?» አለችኝ።