አንድ ወንድ ልጅ ስንት ዓመት ይማራል? «የሚጠበቅ የትምህርት ዓመታት» መለኪያ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲታይ



መምህርነትን በጀመርሁበት የገጠር ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ የሚመጣ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ እናዘው ነበር። ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ይባላል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በአሥር ዓመቱ የመጣውም፣ ክንዱ የረዘመለት የስድስት ዓመት ሕፃንም በእኔ መዝገብ ላይ እኩል «7» ነበሩ። ዛሬ የምንነጋገርበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እንደዚያ ባለ መዝገብ ላይ ስለሆነ ከዚያ መነሣትን መረጥሁ።

መለኪያው የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ዛሬ ትምህርት የሚጀምር ልጅ፣ በየዕድሜው ያለው የተሳትፎ መጠን ሳይለወጥ ቢቀጥል፣ በጠቅላላው ስንት ዓመት በትምህርት ገበታ ላይ ይቆያል? ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከ100 የሰባት ዓመት ወንዶች 80ዎቹ ተመዝግበው ቢገኙ 0.8 ዓመት እንይዛለን፤ ከ100 የአሥራ አምስት ዓመት ወንዶች 50ዎቹ ቢገኙ 0.5 እንጨምራለን፤ እንዲህ እያልን እስከ ከፍተኛ ትምህርት ዕድሜ ድረስ እንደምራለን። ልብ በሉ፤ ድምሩ የየትኛውም ልጅ ታሪክ አይደለም። የሰባት ዓመት ዕድሜውን ከዘንድሮ ሕፃናት፣ የአሥራ አምስቱን ደግሞ ከዘንድሮ ጎረምሶች ተውሶ የተገጣጠመ ልጅ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ስሌት የኢትዮጵያ የሚጠበቅ የትምህርት ዓመታት 9.7 ነበር፤ ለሁለቱም ጾታዎች በአንድነት። (ተማሪዎቼ ዘወትር እንደሚሉት ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር ማለት አይደለም፤ ከስምንት ወር በላይ ነው።) በዚያው ሰነድ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አዋቂዎች በአማካይ የተማሩት 3.2 ዓመት ብቻ ነው። የዓለም ባንክ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የሰብዓዊ ካፒታል መለኪያ ለዚህችው አገር የሰጠው 7.8 ዓመት ነው። የሚቆጥረው ከ4 ዓመት ዕድሜ እስከ 18ኛው የልደት ቀን ድረስ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ክፍል መድገምንም ለማረም ይሞክራል። ልጆች በእርግጥ የተማሩት ነገር ሲመዘን ደግሞ 7.8ቱ ወደ 4.3 ይወርዳል።

በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ምን እንደሚውጥ ለማየት ሁለት ወንዶች ልጆችን እናስብ። አንዱ በየዓመቱ እያለፈ ስድስተኛ ክፍልን ጨረሰ። ሌላው አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ፣ ሁለተኛን ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሦስተኛን እንደ ጨረሰ ወጣ። ምዝገባን ብቻ ለሚቆጥር መለኪያ ሁለቱም ስድስት፣ ስድስት ዓመት ተምረዋል። ይህ በክልላችን የሩቅ ምሳሌ አይደለም። በቤቱ በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ብቻ ሲሰማ ያደገ ልጅ በአማርኛ ፊደል ቆጥሮ፣ በአማርኛ ደምሮ እንዲያልፍ ሲጠየቅ፣ የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋውን በመልመድ ያልቃል። በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆኑ የተጀመረውን ጥረት እንደ ባህል ጉዳይ ብቻ የሚያዩት ሰዎች፣ በእኔ እምነት፣ ዋናውን ነጥብ ስተውታል። ልጁ በትምህርት ቤት የሚያሳልፈው ዓመት የክፍል ዓመት እንዲሆን የሚያደርገው ያ ነው።

ሁለተኛው ችግር በአካፋዩ በኩል ነው። የተመዘገቡትን የምናካፍለው በዕድሜው ክልል ለሚገኙት ልጆች ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የሚመጣው ከሕዝብ ቆጠራ ትንበያ ሲሆን፣ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር። ከዚያ በኋላ በ2011 ዓ.ም. መባቻ ከካማሺ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ በ2013 ዓ.ም. የመተከል ነዋሪዎች ሸሽተው ቻግኒ አጠገብ በመጠለያ ሰፈሩ፤ በኩርሙክ በኩል ደግሞ የሱዳን ስደተኞች ገቡ። ትንበያው ይህን አያውቅም። ከቡለን ወጥቶ ቻግኒ መጠለያ የከረመ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከክልላችን የተማሪ መዝገብ ተሰርዟል፤ በትንበያው ውስጥ ግን አሁንም ቡለን ነው። በመጠለያው አቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት ቢመዘገብ ደግሞ ያልተተነበየ እንግዳ ነው። ጥቅል ተሳትፎ አንዳንዴ ከ100 በመቶ በላይ የሚወጣው በዕድሜ ገፍተው በሚገቡና በሚደግሙ ልጆች ምክንያት ነው ብለን አስተምረናችኋል፤ እውነት ነው፤ ግን አካፋዩንም ጠርጥሩ።

ሦስተኛው የወቅት ጉዳይ ነው። ተማሪ የሚቆጠረው በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ነው። በመንጌና በሸርቆሌ አካባቢ ግን የወንዱን ልጅ ጉልበት የሚፈልገው ባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ የሚበረታው እርሻው ካበቃ በኋላ ነው። ቤተሰብ ልጁን ከትምህርት ቤት «አስወጣሁ» አይልም። ልጁ አንድ ሳምንት ይቀራል፣ ይመለሳል፣ ሁለት ሳምንት ይቀራል፤ ከዚያ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። የተሳትፎው ቁጥር ግን ዓመቱን ሙሉ እንዳለ ይቆያል። ይህን የምለው ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። ከጉድጓዱ ውስጥ የሚወጣው ለዛሬ እራት ይሆናል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ የሰማ አባት ምን ይመርጣል?

ስለ ወንዶች ብቻ ለምን ትናገራለህ የሚለኝ ይኖራል። በክልላችን የሴቶች ተሳትፎ ከወንዶች አንሶ መቆየቱን አውቃለሁ፤ ለእነርሱ የሚደረገው ድጋፍም ሊቀነስ አይገባም። ግን ከሴቶቹ ጎን የተቀመጠ የወንዶች ቁጥር ሁልጊዜ ጥሩ መስሎ ይታያል። በንጽጽር መብለጥ መማር ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ በ13 እና በ14 ዓመቱ ከሦስተኛ ክፍል የሚወጣውን ወንድ ልጅ የሚፈልገው የለም። በሠንጠረዡ ላይ እርሱ ከእኅቱ የተሻለ ነውና።

በዚህ ዓመት ለትምህርት ቤት ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። በተመደባችሁበት ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል ወንዶችን ብቻ ውሰዱ። በጥቅምት የተጻፈውን ስም ዝርዝር ቅዱ። በግንቦት ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ በአካል ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሜውን፣ ክፍሉንና በዚያ ክፍል ስንተኛ ዓመቱ እንደ ሆነ ጻፉ። የጎደሉት የት እንዳሉ የክፍል ጓደኞቻቸውን ጠይቁ፤ ልጆች ያውቃሉ። ዕድሜ ስትጠይቁም ጆሮ አታስነኩ፤ እናትየው ልጁ የተወለደው ከየትኛው ክስተት በፊት ወይም በኋላ እንደ ሆነ ትነግራችኋለች። ወረቀቶቹን በሰኔ እጠብቃለሁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።