ሳይስቅ የሚያስቀው ባስተር ኪተን

እ.ኤ.አ. በ1920 በወጣው «አንድ ሳምንት» በተሰኘ ድምፅ አልባ አጭር ፊልም፣ አዲስ ተጋቢዎች ለሠርጋቸው ቤት ይበረከትላቸዋል፤ በየሣጥኑ ታሽጎ የመጣ፣ በመመሪያ የሚገጣጠም ቤት። ሙሽራይቱ እምቢ ያለችው ሰው ቂም ይዞ የሣጥኖቹን ቁጥር ያዛባዋል። ባልየው ይህን አያውቅምና በመመሪያው መሠረት ቤቱን ያቆመዋል። ግድግዳው ተንጋዶ፣ የፎቁ በር ወደ ባዶ አየር ተከፍቶ ያርፈዋል።

ባልየውን የተጫወተው ባስተር ኪተን ነው፤ ፊልሙንም ያዘጋጀው ከኤድዋርድ ክላይን ጋር ሆኖ ነው። ልብ በሉ፣ ሰውየው ቂል አይደለም። ስህተቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ ትጋት ነው። ለዚህም ነው ፊቱ ኮስተር የሚለው። «ባለ ድንጋይ ፊቱ» የሚለው ቅጽል በጣም ይበድለዋል። ዓይኖቹን ለተመለከተ፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ እያለ የሚያስብ፣ ሥራው ያስጨነቀው ሰው ይታየዋል።

ሳይስቁ ማሳቅን የተማረው በልጅነቱ፣ ከወላጆቹ ጋር በመድረክ ላይ ነው። አባቱ አንስቶ ሲወረውረው እሱ ከሳቀ ተመልካቹ እንደማይስቅ አስተዋለ። ተዋናዩ ቀድሞ ሲስቅ የተመልካቹን ድርሻ ይወስድበታልና።

በፊልሙ ውስጥ ኮስተር ያለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ካሜራውም ነው። ቤቱ የተሠራው በተሳሳተ ቦታ ላይ መሆኑ ሲታወቅ፣ ባልና ሚስት በመኪና እየጎተቱ ሐዲድ ሊያሻግሩት ይሞክራሉ። መሐል ላይ ይቆምባቸዋል። ባቡር እየከነፈ ይመጣል፤ አበቃ ብለው ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ባቡሩ ግን በጎን ባለው ሐዲድ ያልፋል። እፎይ ባሉበት ቅጽበት ሌላ ባቡር ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥቶ ቤቱን ብትንትኑን ያወጣዋል። ካሜራው የቆመበት አንግል ሐዲዱ ሁለት መሆኑን እንዳናስተውል ያደርገናል፤ ቀርቦም ፍንጭ አይሰጠንም። የተታለልነው ከባለቤቶቹ እኩል ስለሆነ ሳቃችን ንቀት የለበትም። የፊልሙ ትልቁ ጸጋ ለእኔ ይህ ነው።

ከዚያም ኪተን ፍርስራሹ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ምልክት ያቆማል፤ መመሪያውንም አያይዞ ይተወዋል። ሚስቱን ሆና የተጫወተችው ሲቢል ሲሊም (ከሚገባት በታች የምትነሳ ተዋናይት ናት) ያለ ዋይታ እጁን ይዛ አብራው ትሄዳለች።

ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሃያ ደቂቃ ግድም ነው። በዘመኑ አጫጭር ኮሜዲዎች በአብዛኛው ከሁለት ጥቅል ፊልም አይበልጡም ነበር፤ ልኩ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቀልድ የተሰፋ ነው። አንዲት የተዛባች ቁጥር ይዞ እስከ መጨረሻው ለመሄድ ይበቃል። ቢረዝም ኖሮ፣ ይህ ሰው መመሪያውን ለምን አንዴ እንኳ አልተጠራጠረም ብለን መጠየቅ እንጀምር ነበር።