እናት አባትን ለሽርሽር ስትልኩ

ልጆቻቸው «ጣናን በጀልባ አይታችሁ ኑ» ብለው ከመርሳ የላኳቸው ባልና ሚስት ወልድያ መጥተውልኝ ነበር። ዘጌንና ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አውርተው አይጠግቡም። እማማ ግን ሹፌሩን «ለሽንት ቁምልኝ» ማለት አፍረው ውሃም፣ ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒናቸውንም ትተው ኖሯል። ሲመለሱ አንድ እግራቸው አብጦ ያማል። የረጋ ደም ነበር!

ለረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ በዚያ ላይ ውሃ አለመጠጣት፣ ለደም መርጋት ያጋልጣል። ስለዚህ ሹፌሩን በየ2 ሰዓቱ አስቁሙት፣ ወርደው ይራመዱ። ኪኒን በራስ ውሳኔ አይቆምም፤ በጉዞ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። (ጀልባው ካጥወለወላቸው መሃል ላይ ተቀምጠው ሩቅ ሩቁን ይዩ።)

አንድ እግር ካበጠ ወጌሻ ጋር ወስዳችሁ አታሳሹ፤ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸውማ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል!