ከትክክሉ ጋር የተቀላቀለው ስህተት

ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው እንቅልፍ የለውም። የሐኪሙ ቀጠሮ ገና ነው፤ ስልኩ ግን ትራሱ ሥር አለ። ቻትጂፒቲ የተባለውን ቻትቦት ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል?

ቦስተን የሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። ስለ ጡት፣ ስለ ፕሮስቴትና ስለ ሳንባ ካንሰር ሕክምና ለቻትጂፒቲ 104 ጥያቄ አቅርበው፣ መልሱን የአሜሪካ ሐኪሞች ከሚከተሉት መመሪያ ጋር አመሳከሩ። በ102ቱ መልስ ውስጥ ቢያንስ አንድ ትክክለኛ ሕክምና ተገኘ። ከእነዚሁ 35ቱ ግን ከመመሪያው ጋር የማይስማማ ሕክምናም ጨምረው ነበር። በ13ቱ መልስ ደግሞ በመመሪያው ጭራሽ የሌለ ምክር ተገኘ። አንድን በሽታ በተለያየ አነጋገር ሲጠይቁትም መልሱ ይለዋወጥ ነበር።

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ፈጽሞ የተሳሳተ መልስ ቢሆን በቀላሉ ይነቃበት ነበር። እንክርዳዱ ከስንዴው ጋር ተፈጭቶ ሲቀርብ ግን በሽተኛው በምን ይለየዋል? የተፈተነው የቻትጂፒቲ የቀድሞው ስሪት 3.5 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ቢሆንም ለሚሰጠው ምክር ዛሬም ተጠያቂ አይሆንም።

የማሽን ምክር ሲሳሳት ከዚህ በፊትም አይተናል። ዋትሰን የተባለውን የአይቢኤም ኩባንያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለካንሰር ሕክምና ለማዋል የሞከረው የቴክሳሱ ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ሆስፒታል 62 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የወጡ የኩባንያው ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ዋትሰን ለሙከራ በቀረበለት ጉዳይ፣ ብዙ ደም ለሚፈሰው የሳንባ ካንሰር ታማሚ መድማትን የሚያባብስ መድኃኒት መክሮ ነበር።

የቻትቦቱን ጥቅም ግን አልክድም። «ሜታስታሲስ» ማለት ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መዛመቱ እንደሆነ፣ ኬሞቴራፒ ከጨረር በምን እንደሚለይ በትዕግሥት ያስረዳል። ሐኪም ፊት ቃል ለሚጠፋው ሰው ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

አገራችን ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛ ሆስፒታል ነበር፤ ወረፋውም ወራት ይፈጅ ነበር። ሐኪሙ ሕክምናውን ሲወስን ወረፋውን፣ መድኃኒቱ መኖሩንና የቤተሰቡን አቅም አብሮ ያያል። ቻትቦቱ ይህን ካልነገሩት አያውቅም።

ስለዚህ ጠይቁት። የመለሰላችሁን ግን ለሐኪማችሁ አሳዩ። ሐኪሞችም እባካችሁ አትቆጡ፤ ከታማሚዎቻችሁ ጋር አብራችሁ አንብቡት። እናንተ ታማሚዎች ደግሞ በቻትቦቱ ቃል ብቻ መድኃኒት አትጀምሩ፤ የጀመራችሁትንም አታቋርጡ።