«እስከ» የምትባለው ቃልና የቤታችን ፋይበር

የፋይበር ኢንተርኔት ማስታወቂያ ላይ ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል። ከቁጥሩ በፊት የተቀመጠችው «እስከ» ግን ዓይን ውስጥ አትገባም። «እስከ 100 ሜጋ» የሚለውን ደንበኛው «100 ሜጋ» ብሎ ይረዳዋል፤ ሻጩ ግን «ከ100 አይበልጥም» ማለቱ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ፈርመው የተዋዋሉት የተለያየ ነገር ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ይህ ክፍተት ለዓመታት የተፈቀደ ነበር፤ ከአሥር ደንበኞች አንዱ ብቻ የሚያገኘውን ፍጥነት «እስከ» ብሎ ለሁሉም ማስተዋወቅ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. ከሜይ 23 ቀን 2018 ጀምሮ ግን በማስታወቂያ የሚጻፈው ፍጥነት ቢያንስ ግማሾቹ ደንበኞች፣ ተጠቃሚ በሚበዛበት ሰዓት፣ ማለትም ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ድረስ የሚያገኙት እንዲሆን ደንብ ወጣ። «እስከ 17 ሜጋ» ይባል የነበረው የመዳብ መስመር አገልግሎት በማስታወቂያው ላይ ወደ 10 እና 11 ወረደ። ገመዱ ያው ነው፤ ደንበኛው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛውን አወቀ።

ቀርፋፋ ፋይበር ከቴክኒክ ችግርነቱ በፊት የመለኪያ ችግር ነው የምለው ለዚህ ነው። እህል ሲሸመት ቁናው የማን እንደሆነ መጠየቅ የገዢ ወግ ነው። ኢንተርኔት ሲሸጥ ግን መለኪያውንም፣ ሰዓቱንም፣ የሚለካበትንም ቦታ የሚመርጠው ሻጩ ነው። በደንበኛው እጅ ያለው «ዛሬ በጣም ይጎተታል» የሚል ስሜት ብቻ ነው፤ ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ደግሞ ስሜትን መዝግቦ የትም አያደርሰውም። ደንበኛው የራሱ መለኪያ እንዲኖረው ከተፈለገ አስቀድሞ ልኬቱን ከገዛ ቤቱ ጉድለት ማጥራት አለበት። ይህን ማለት ለኩባንያዎች ማድላት የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን በዋይፋይ የተለካ ቁጥር ይዞ የሚከራከር ደንበኛ በመጀመሪያው ጥያቄ ይረታል፤ በገመድ ለክቶ የመጣን ሰው ግን «ችግሩ ከቤትዎ ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም።

ቤት ውስጥ ያለው ጉድለት ደግሞ ብዙ ነው። አንዳንዱ ከነጭራሹ ጉድለት አይደለም፤ ውል የሚጻፈው በሜጋ ቢት ነው፣ ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ100 ሜጋ ደንበኛ ስክሪኑ ላይ 12 ገደማ ቢያይ የተወሰደበት ነገር የለም። እውነተኛው ጠላት ዋይፋይ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ ራውተር ያሉት እርስ በርስ የማይነካኩ መተላለፊያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። በአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ሃያ ራውተር ካለ ሃያውም እነዚህን ሦስቱን ይሻማሉ፤ ፋይበሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሳሎን የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግን የብሎኬት ግድግዳ ሁለት ጊዜ ካለፈ ይደክማል። ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ገመድም ቢሆን ሊያታልል ይችላል። በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ አይጠፋም፣ ከ1000 ወደ 100 ሜጋ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ለ200 ወይም ለ300 ሜጋ እየከፈለ በየሰዓቱ 94 አካባቢ የሚያይ ሰው ኩባንያው ጋ ከመደወሉ በፊት ገመዱን ይቀይር። 1000 ሜጋ ገዝቶ 940 የሚያይ ደግሞ ሙሉውን አግኝቷል፤ ቀሪው የመረጃው ማሸጊያ የሚወስደው ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ በገመድ የተለካው ቁጥር አሁንም ዝቅ ካለ ጉዳዩ ከደጃፍ ውጭ ነው። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ የሚናገረው የሰዓቱ ሁኔታ ነው። ለቤት የሚዘረጋው ፋይበር በአብዛኛው ጂፖን በሚባለው አሠራር የሚሄድ ነው፤ ከኩባንያው ጣቢያ የሚነሳው አንድ የመስታወት ክር መንገድ ላይ በመከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል። ክሩ ወደ ቤቶቹ የሚያወርደው በአጠቃላይ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ፣ ከቤቶቹ የሚቀበለው ደግሞ የዚያን ግማሽ ነው። 64ቱም ቤቶች 100 ሜጋ ገዝተው በአንድ ጊዜ ሙሉውን ቢጠቀሙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 39 ሜጋ ያህል ነው፤ 32 ቢሆኑ 78 ያህል። ሁሉም በአንዴ ስለማይጠቀም ይህ በተለምዶ አያሳስብም፤ ምሽት ላይ ግን ሊያሳስብ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት 95 እያሳየ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወደ 30 የሚወርድ መስመር ገመዱ ተበላሽቶ ሳይሆን ከጣቢያው አንስቶ የሆነ ቦታ መንገዱ ጠቦ ነው፤ ሌሊትም ቀንም እኩል ዝቅ ያለ መስመር ደግሞ ወይ የደንበኛው ጥቅል በስህተት ተመዝግቧል፣ ወይ ክሩ ላይ እንከን አለ። የክር እንከን በሙያተኛ እጅ በደቂቃዎች ይታወቃል። በብዛት በሚሠራበት የጂፖን ደረጃ የቤቱ መሣሪያ ብርሃኑን የሚያነብበት የመጨረሻው ወለል ከዜሮ በታች 27 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ነው። ጥግ ላይ አላግባብ የታጠፈ ክር ወይም አቧራ የነካው መሰኪያ ብርሃኑን ወደዚያ ወለል ያወርደዋል። የአገር ውስጡ መለኪያ ሙሉ ሆኖ ውጭ አገር ያለው ገጽ ብቻ የሚጎተት ከሆነም ጠባቡ ቦታ ከመንደሩ ርቆ፣ አገርን ከአገር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው። ሦስቱ በሽታዎች ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች አሏቸው፤ ሁሉንም «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» በሚል አንድ መልስ ማስተናገድ ደንበኛን ማሰናበት ነው።

መለካት ብቻውን ምን ይለውጣል የሚል ካለ የአሜሪካን ታሪክ ይመልከት። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ከራውተር ጋር የሚያያዝ መለኪያ ሣጥን አስቀምጦ የመጀመሪያውን ሪፖርት በ2011 እ.ኤ.አ. አወጣ። ኩባንያዎቹ ተጠቃሚ በሚበዛበት ሰዓት በአማካይ ካስተዋወቁት 87 በመቶውን ያደርሱ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ አማካዩ 96 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያው ልኬት ከግማሽ ብዙም ፈቅ ያላለ አንድ ኩባንያ በቀጣዩ ዓመት ካስተዋወቀው በላይ አደረሰ። ለእኛ ርዕስ የበለጠው ቁም ነገር ግን በዚያው በመጀመሪያው ሪፖርት ውስጥ ነው፤ የስልክ መስመር ኢንተርኔት 82፣ የኬብል 93 በመቶ ሲያደርስ ፋይበር 114 በመቶ አደረሰ። ፋይበር የተባለውን ማድረስ የማይችል ቴክኖሎጂ አይደለም። ቃሉን የማይጠብቅ ፋይበር ሲገኝ ከበስተጀርባው ስንት ቤት በአንድ ክር ላይ እንደተጫነና ከጣቢያው በስተጀርባ ያለው መስመር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የወሰነ ሰው አለ።

ኩባንያዎች የሚያነሷቸው መከራከሪያዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው መጋራት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው የተያዘ መስመር ቢሰጥ ዋጋው ለተራ ቤተሰብ አይቀመስም ይላሉ። እውነት ነው። መጋራቱን የሚቃወም የለም፤ ጥያቄው ከተጋራ በኋላ የሚተርፈውን ልክ ለገዢው ይንገሩት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ የቤት ኢንተርኔት ውል ዝቅተኛውን፣ በተለምዶ የሚገኘውንና ከፍተኛውን ፍጥነት ለያይቶ እንዲጽፍ ያዘዘው ይህንኑ ነው። መጋራት ያኔ በቁጥር የሚታወቅ ነገር ይሆናል። ሁለተኛው መከራከሪያ የደንበኛ ልኬት አይታመንም የሚል ነው። ለዚህ ጀርመን ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልስ አላት፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪው ራሱ ባዘጋጀው ፕሮግራም፣ በገመድ ተያይዞ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት 30 ጊዜ ይለካል። ውጤቱ ከውሉ በበቂ ከጎደለ ደንበኛው ክፍያውን በጉድለቱ ልክ መቀነስ ወይም ውሉን ማፍረስ ይችላል። ሦስተኛው፣ ገና እየተዘረጋ ባለ አገር እንዲህ ያለ ቁጥጥር ዝርጋታውን ያዘገያል የሚለው፣ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ ምክንያቱም ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር ቀርፋፋ ፋይበር ከደረሰበት የባሰ ችግር ውስጥ ነው። ሆኖም እውነተኛውን ቁጥር ውል ላይ መጻፍ አንድ ምሰሶ አያስተክልም። 60 ሜጋን «60» ብሎ መሸጥ 60 ሜጋን «እስከ 100» ብሎ ከመሸጥ የበለጠ ወጪ የለውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕግ መሠረቱ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ የአገልግሎት ጥራትና የተጠቃሚ ጥበቃም የዚሁ ተቆጣጣሪ ሥራ ነው። ከሌሎች ልምድ ስንወስድ ግን መምረጥ ያስፈልጋል። ብሪታኒያ ከመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሠራችበት ስምምነት፣ ፍጥነቱ ዋስትና ከተሰጠበት ዝቅተኛ ልክ ሲወርድ ኩባንያው በአንድ ወር ውስጥ ካላስተካከለ ደንበኛው ያለ ቅጣት ጥሎ መሄድ ይችላል ይላል። ጥሎ የመሄድ መብት የሚጠቅመው የሚሄድበት ሲኖር ነው። በደጃፋቸው የአንድ ድርጅት ገመድ ብቻ ለሚያልፍ ቤቶች ይህ መብት ወደ ጨለማ መውጣት ይሆናል፤ ለእነሱ የሚስማማው የጀርመኑ ነው፤ መስመሩን ሳይለቁ ለደረሰው ልክ ብቻ መክፈል። የባሕር ኬብል የምናገኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ስለሆነ የውጭውን መንገድ መጥበብ ከአገር ውስጡ ለይቶ መለካትም ግድ ነው፤ አለበለዚያ የመንደሩ መከፋፈያ ጉድለት ሁልጊዜ በሩቁ ባሕር ይሳበባል።

ባለሥልጣኑ ሦስቱ ፍጥነቶች ውል ውስጥ እንዲገቡ ያዝዝ፣ በራሱ ስም የሚጠራ ገለልተኛ መለኪያም ለሕዝብ ያቅርብ። አንባቢ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ወደ ደንበኞች አገልግሎት (994) ከመደወሉ በፊት ኮምፒውተሩን በገመድ ያያይዝ፤ የቤቱን ስልኮችና ቴሌቪዥን ከዋይፋዩ ያላቅቅ፤ ሦስት ቀን፣ ጠዋት፣ ቀትርና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እየለካ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ይጻፍ። ያንን ወረቀት ከውሉ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠው፤ ቅሬታውን ሲያስመዘግብም የተሰጠውን ቁጥር ከሥሩ ይጨምርበት።